የብረት አካልና የሰው ነፍስ፦ የሜካ፣ የጦርነትና የሰቀቀን ጨዋታ እንዴት ይነደፋል?

ሌባና ፖሊስ የተጫወተ ሰው ሁሉ ያንን ጭቅጭቅ ያውቀዋል። አንዱ ጣቱን ሽጉጥ አስመስሎ «ገደልኩህ!» ይላል፤ ሌላው «ስተኸኛል!» ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። ዳኛ የለም፣ ሕግ የለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚረታው ድምፁ የጎላው ልጅ ነው። የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ የሚባለው ነገር ለዚህ ጭቅጭቅ የተገኘ መላ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዷ ጨዋታ መሪ ትሆናለች፤ ዓለሙን የምትገልጸው፣ ጠላቱንና መንገደኛውን ወክላ የምትናገረው እሷ ናት። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። መሪዋ «ድልድዩ ጋ ደርሳችኋል፤ ከጭጋጉ ውስጥ የሚጎተት ነገር ይሰማል» ትላለች። ተጫዋቹ «ፋኖሱን አጥፍቼ እጠብቃለሁ» ይላል። ይሳካለት አይሳካለት የሚያጠራጥር ሲሆን፣ ሉዶ ላይ እንደምንወረውረው ያለ ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ያለውን ሁሉም ይቀበላል። በመጨረሻ ዋንጫ የሚወስድ የለም። የሚተርፈው አብረው የሠሩት ታሪክ ነው።

እንዲህ ካሉት ጨዋታዎች መካከል ለመንደፍ እጅግ ከሚያስቸግሩት አንዱን ወስደን ከሥሩ እንየው፦ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳውን ግዙፍ የብረት አካል፣ ማለትም ሜካን፣ ከጦርነትና ከተፈጥሮ በላይ ከሆነ ሰቀቀን ጋር የሚያጣምረውን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ከየት መጡ?

ከሦስቱ የቀደመው ጦርነት ነው። በ1824 ጆርጅ ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መኮንን፣ አባቱ የጀመረውን የጦርነት ጨዋታ አሻሽሎ ለሠራዊቱ አቀረበ። ቀይና ሰማያዊ ቁራጮች በእውነተኛ ካርታ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተኩስ ውጤት በዳይስ ይለያል፤ በመሐል አንድ ዳኛ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ ወገን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ይነግረዋል። የዛሬው ጨዋታ መሪ የዚያ ዳኛ የልጅ ልጅ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪ ለተጫዋቾቹ ጦር ከመስጠት ይልቅ አንዳንድ ሰው ሰጣቸው፦ ለአንዱ ከንቲባውን፣ ለሌላው ተማሪውን። የእሱ ባልንጀራ ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ምናባዊ ዓለም ወሰደው፤ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ሆኖም በ1974 «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አሳተመ። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። የሚና ጨዋታ በመጽሐፍ መልክ ለገበያ የቀረበው ያኔ ነው።

ሜካ የጃፓን ልጅ ነው። በ1956 ሚትሱቴሩ ዮኮያማ የሣለው «ቴትሱጂን 28»፣ በታሪኩ ውስጥ ለጦርነት ታስቦ የተሠራ ብረት ሲሆን አንድ ልጅ ከሩቅ በመቆጣጠሪያ ይመራዋል። መቆጣጠሪያውን የያዘ ሁሉ ጌታው ነው። በ1972 ጎ ናጋይ በ«ማዚንገር ዜድ» ነጂውን ጭንቅላቱ ውስጥ አስገባው። በ1979 ዮሺዩኪ ቶሚኖ የመራው «ሞባይል ሱት ጋንዳም» ደግሞ ሜካን ከተአምረኛ ጀግንነት አውርዶ እንደ ታንክና እንደ አውሮፕላን በፋብሪካ የሚመረት፣ ጥይት የሚያልቅበት፣ ወጣት የሚሞትበት የጦር መሣሪያ አደረገው። ተከታታይ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ብዙ ተመልካች አላገኘም፤ በ43 ክፍል ተቋረጠ። ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1995 ሂዴያኪ አኖ «ኒዮን ጄነሲስ ኢቫንጌሊየን»ን ሲያቀርብ ነጂዎቹ የ14 ዓመት ልጆች ሆኑ፤ ብረት ለባሹ አካል ሕይወት ያለው ሆነ፤ እሱ ሲቆስል ልጁን ያመዋል።

እነዚህን አራት ሥራዎች በተርታ ለሚያይ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ነጂው በየጊዜው ወደ ብረቱ እየቀረበ ሄዷል። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከውስጥ፣ በመጨረሻም በነርቭ። ለጨዋታ ነዳፊ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰቀቀንን ወደ ጠረጴዛው ያመጣው በ1981 የወጣው የሳንዲ ፒተርሰን «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ነው፤ መነሻው የአሜሪካዊው ደራሲ የኤች ፒ ላቭክራፍት ታሪኮች ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ገጸ ባሕርይ በተጫወተ ቁጥር ይጠነክር ነበር። እዚህ ግን የአእምሮ ጤና የሚለካበት ነጥብ ተሰጠው፤ አሰቃቂ ነገር ባየ ቁጥርም ነጥቡ ይቀንሳል። ብልሃቱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ስለ ጨለማው ዓለም ያለው እውቀት በጨመረ መጠን የአእምሮ ነጥቡ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ጭራቁን ለማሸነፍ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማወቅ ደግሞ ያሳብዳል። የጨዋታው መልእክት በሙሉ በዚህች አንዲት የሂሳብ ሕግ ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስቱ ለምን አይስማሙም?

ሜካ ለተጫዋቹ «ትችላለህ» ይለዋል። ሰቀቀን «አትችልም» ይለዋል። ጦርነት ደግሞ «ብትችልም ባትችልም ትሄዳለህ» ይለዋል።

ችግሩ ይኸው ነው። ፍርሃት ከአቅም ማጣት ይወለዳል። 18 ሜትር የሚረዝም ብረት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ደግሞ አቅም አያንሰውም። ነዳፊው ሦስቱን እንዲሁ ደርድሮ ከተወ፣ ጭራቁ ሌላ የመድፍ ዒላማ ይሆናል። ብዙ እግር ቢኖረውም፣ ቢያቃስትም፣ ተጫዋቹ የሚጠይቀው «ስንት ምት ይችላል?» ብቻ ነው። በ2000ዎቹ የታተመው «ክቱሉቴክ» ሦስቱን በአንድ መጽሐፍ ለማጋባት ከሞከሩት አንዱ ነው። በ2085 የሰው ልጅ ከሌላ ዓለም ከመጡ ፍጡራን ጋር ሲዋጋ ያሳያል፤ ከሜካዎቹም አንዳንዶቹ ግማሽ ብረት ግማሽ ሥጋ ናቸው። ዓለሙ ሀብታም ነው። ሆኖም በእንዲህ ያለ ጨዋታ ሁሉ ላይ የሚያንዣብበው አደጋ አይለቀውም፤ መድፉ ጮክ ባለ ቁጥር ሹክሹክታው አይሰማም።

ማስታረቂያው ሜካውን ማዳከም አይደለም። ደካማ ሜካ ማን ይፈልጋል? መጽሐፉን የገዛው ሰው የገዛው ያንን ብረት ለመንዳት ነው። ማስታረቂያው ዋጋ ነው። ነጂው ኃይል ያግኝ፤ ግን ይክፈል። የሚከፍለውም ጥይትና ነዳጅ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከሰውነቱ ይሁን። የአገራችን ሰው የነብርን ጭራ አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም ይላል። ጥሩ የሜካና የሰቀቀን ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ ጭራውን በገዛ እጁ እንዲይዝ የሚያደርግ ጨዋታ ነው።

ከሌሎች ሥራ ምን እንማራለን?

የጨዋታ ነዳፊዎች አንዱ ከሌላው ይማራሉ። ከዚህ በታች ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ ጥሩ መሣሪያ ለሙያው አበርክተዋል።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣው «ባትልቴክ» ሜካ ሲተኩስም ሲሮጥም እንዲግል አደረገ። ሙቀቱ የሚመዘገብበት መስመር 30 ሲደርስ ማሽኑ ይጠፋል፤ ከዚያ በፊትም ይንቀራፈፋል፣ ዒላማ ይስታል፣ ጥይቱ ውስጡ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቹ በየተራው «ሁሉንም መሣሪያ ልተኩስ ወይስ ልታገሥ?» ብሎ ይጨነቃል። በ2019 የወጣው «ላንሰር»ም ይህን ወርሶ፣ ነጂው ሙቀት ከፍሎ ተጨማሪ ድርጊት እንዲገዛ ይፈቅድለታል። እዚህ ላይ ዋጋ አለ፤ ነገር ግን የሚከፍለው ማሽኑ ነው፤ ሰውየው አይነካም።

ሁለተኛው ጭንቀት ነው። በ2019 ፍሪ ሊግ የተባለው የስዊድን አሳታሚ ያወጣው የ«ኤሊየን» ጨዋታ ተጫዋቹ በርካታ ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች እንዲወረውር ያደርጋል፤ ከመካከላቸው አንድ 6 ከወጣ ተሳካ። ገጸ ባሕርይው ሲጨነቅ ተጨማሪ የጭንቀት ዳይስ ይሰጠዋል። ይህ ያግዘዋል፤ የፈራ ሰው ንቁ ነውና። ነገር ግን ከጭንቀት ዳይሶቹ በአንዱ ላይ 1 ከወጣ መደናገጥ ሊመጣ ይችላል። ሂሳቡን እንየው። በ4 ዳይስ የመሳካት ዕድሉ 52 በመቶ ገደማ ነው። 4 የጭንቀት ዳይስ ሲጨመርለት ወደ 77 በመቶ ያድጋል፤ በዚያው ውርወራ ግን 1 የመውጣቱ ዕድል 52 በመቶ ይሆናል። ተጫዋቹ ኃይሉ ሲጨምር እጁ ሲንቀጠቀጥ በቁጥር ያየዋል።

ሦስተኛው መደንደን ነው። በ1998 ግሬግ ስቶልዝና ጆን ታይንስ ባወጡት «አንኖውን አርሚስ» ሰው በአምስት አቅጣጫ ይጎዳል፦ በዓመፅ፣ ከተፈጥሮ ውጭ በሆነ ነገር፣ በአቅመ ቢስነት፣ በብቸኝነትና ከራሱ ጋር በመጣላት። በእያንዳንዱም ላይ ወይ ይሰበራል ወይ ይደነድናል። የደነደነ ሰው ከዚያ በኋላ በዚያ ነገር አይደነግጥም፤ ሆኖም እየደነደነ በሄደ ቁጥር ከሰዎች ጋር የሚያገናኘው ነገር ይቀንሳል። ስለ ጦርነት ለሚነድፍ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ብዙ ያየ ወታደር የማይጮኸው ስላልተጎዳ አይደለም።

አራተኛው ቀኑ ነው። በ2015 የወጣው የጄሰን ሞርኒንግስታር «ናይት ዊችስ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንጨትና በሸራ አውሮፕላን ሌሊት ሌሊት ቦምብ ይጥሉ ስለነበሩት የሶቪየት ሴት አብራሪዎች ነው። ጨዋታው በሁለት ይከፈላል። ሌሊት በረራ አለ። ቀን ደግሞ ሠፈር አለ፦ አለቃ፣ ጥርጣሬ፣ ድካም፣ ጓደኝነት፣ የሞተች ጓደኛ አልጋ። ሌሊቱ ክብደት የሚያገኘው ቀኑን ስለምናውቅ ነው። በ2019 የወጣው «ባንድ ኦቭ ብሌድስ» ደግሞ ተጫዋቾቹን የአንድ ሰው ሳይሆን ከሙታን ሠራዊት እየሸሸ የሚያፈገፍግ የአንድ ሙሉ ጦር ባለቤት ያደርጋቸዋል። ወታደር ይሞታል፤ ሌላው ቦታውን ይይዛል፤ ስንቅ ያልቃል። ጦርነት ከሰው የሚበልጥ ወፍጮ መሆኑ በሕጉ ውስጥ ይታያል።

አምስተኛው በጣም እንግዳው ነው። በ2007 ቤን ሌህማን ያወጣው «ብሊስ ስቴጅ» ሜካውን የሠራው ከብረት አይደለም፤ ነጂው ከሌሎች ሰዎች ጋር ካለው ግንኙነት ነው። ወደ ውጊያ ሲገባ የሚወዳቸውን ሰዎች መሣሪያ አድርጎ ይገባል፤ ሲመታም የሚጎዳው ያ ግንኙነት ነው።

ከባዶ ወረቀት ሲጀመር

እስቲ አሁን ራሳችን እንሞክር። ከዚህ በታች ያለው ለማሳያ ያህል የቀረበ ትንሽ ጨዋታ ነው። ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው ይችላል።

መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «ተጫዋቾቹ በየምሽቱ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። ጀማሪ ነዳፊ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዓለሙ ታሪክ ነው፦ የነገሥታቱ ስም፣ የጦርነቱ መንስኤ፣ የሜካዎቹ ዝርዝር። ሃምሳ ገጽ ይጽፋል፤ ጨዋታ ግን የለም። ይልቁንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ሌሊት ነጂዎቹ ጭጋጉ ውስጥ ገብተው መንደር ያስለቅቃሉ፤ ቀን ወደ ሠፈር ተመልሰው ከሰዎቻቸው ጋር ይኖራሉ።» ከዚህ የማይገባ ነገር ሁሉ ይቅር።

ቀጥሎ ዋጋው ይተመን። ለእያንዳንዱ ነጂ ስድስት ባዶ ሳጥን እንስጠውና «ቁርኝት» እንበለው። ቁርኝት ነጂው ከብረቱ ጋር ምን ያህል እንደተዋሐደ ያሳያል። አደገኛ ነገር ሲያደርግ ሁለት የሉዶ ዳይስ ይወረውራል። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንዳሰበው ይሆናል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድላል። 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጨዋታ መሪዋ ክፉውን ታመጣለች። ይህ የሦስት ደረጃ አከፋፈል በ2010 ቪንሰንትና ሜጊ ቤከር በ«አፖካሊፕስ ወርልድ» ካስተዋወቁት በኋላ በብዙ ጨዋታ ውስጥ የገባ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመጣል። ነጂው ከመወርወሩ በፊት አንድ ወይም ሁለት የቁርኝት ሳጥን ቢያጠቁር፣ ለእያንዳንዱ ድምሩ ላይ 1 ይጨመርለታል። ያለ ቁርኝት ክፉ የመምጣቱ ዕድል ከ36ቱ ውጤቶች 15 ነው፤ ማለትም 42 በመቶ ገደማ። አንድ ሳጥን ሲያጠቁር 28 በመቶ ይሆናል። ሁለት ሲያጠቁር 17 በመቶ ይሆናል። በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ የመሳካቱ ዕድል ከ17 ወደ 28፣ ከዚያም ወደ 42 በመቶ ያድጋል። ሁለት ሳጥን ዕጣውን ገልብጦታል። ማን ይተዋል?

ሳጥኖቹ ግን በራሳቸው አይነጹም። ስድስቱም ከጠቆሩ ነጂው ያን ሌሊት ከብረቱ አይወጣም፤ ወይም ይወጣል፣ የወጣው ግን እሱ አይደለም። አንድ ሳጥን የሚነጻው ቀን ላይ፣ ሠፈር ውስጥ፣ ነጂው በስም ከሚያውቀው ሰው ጋር ጊዜ ሲያሳልፍ ብቻ ነው፦ ቡና ሲጠጣ፣ ሲጣላ፣ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የእናቱን ደብዳቤ ሲያስነብብ። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ምሽት የእነዚህን ሰዎች ስም ይጽፋል፤ አራት ስም ይበቃል። ጦርነቱ ደግሞ እነዚህን አራት ሰዎች አንድ በአንድ ይወስዳል። በዳይስ የመጣ ክፉ ነገር አንዳንድ ጊዜ ብረቱን ይመታል፤ አንዳንድ ጊዜ የስሞቹን ዝርዝር ይመታል።

አሁን ሦስቱ በአንድ ገመድ ታሰሩ። ሜካው ኃይል ይሰጣል፤ ሰቀቀኑ ሰውነትን ይበላል፤ ጦርነቱ መድኃኒቱን ይወስዳል። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው ስድስት ሳጥንና አራት ስም ነው። ለፍርሃት ብቻ፣ ለጦርነት ብቻ፣ ለማሽን ብቻ ሦስት የተለያዩ ሕጎች ቢጻፉ ኖሮ ሦስት የተለያዩ ጨዋታዎች ይሆኑ ነበር።

ጭራቁን አለማሳየት

ድንጋጤና ሰቀቀን አንድ አይደሉም። በር ሲበረገድ የሚመጣው ድንጋጤ ነው፤ ያልፋል። ሰቀቀን ከበሩ ውጭ የሆነ ነገር መቆሙን እያወቁ፣ መቼ እንደሚያንኳኳ አለማወቅ ነው። ፊልም ይህን በሙዚቃና በጨለማ ይሠራዋል። በጠረጴዛ ዙሪያ ግን መብራት በርቷል፣ ቆሎ ቀርቧል፣ አንዱ ስልኩን እያየ ነው። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ሰቀቀን መፍጠር አለበት።

አንደኛው መንገድ ጭራቁን ቁጥር መንሳት ነው። ስንት ምት እንደሚችል የተጻፈለት ጭራቅ መቼ እንደሚሞት ይታወቃል። በቁጥር ፋንታ ጨዋታ መሪዋ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍላት፦ ምን ይፈልጋል? ምን አይችልም? ከመምጣቱ በፊት ምን ይታያል? ምልክቱ ከጭራቁ ይበልጣል። በሬዲዮ የሞተ ጓደኛ ድምፅ መሰማት ከጀመረ፣ ተጫዋቾቹ ጭራቁን ሳያዩ ይሰቀቃሉ።

ሁለተኛው ሕጉን በሚታይ ነገር ማስያዝ ነው። በ2005 የወጣው «ድሬድ» ዳይስ የለውም፤ ተጫዋቾች ከእንጨት ቁራጮች ከተካበ ግንብ አንድ አንድ ይመዝዛሉ፣ ግንቡ በእጁ የፈረሰበት ሰው ገጸ ባሕርይው ያልቅለታል። እጅ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ያያል። የእኛ የጠቆሩ ሳጥኖችም በጠረጴዛው መሐል ለሁሉም በሚታይ ወረቀት ላይ ይቀመጡ። የአምስተኛው ሳጥን መጥቆር ያለ ሙዚቃ ዝም ያሰኛል።

የሚያስፈራውን ነገር ከየት እንቅዳ ለሚል አገር ቤት ያለ አንባቢ አንድ ነገር ላንሳ። በእኛ አገር ብረትና መናፍስታዊ ፍርሃት ድሮም ተገናኝተዋል። ማረሻውንም ጦሩንም የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባለ ከኅብረተሰቡ ተገልሎ ኖሯል። ሁሉም የሚፈልገውን ብረት የሚሠራ፣ ሁሉም የሚሸሸው ሰው! ለጨዋታ እጅግ የሚስብ ነገር ነው። ግን ስሙን የተሸከሙት እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውም አሉ። ስለዚህ ቀጥቃጩን ጭራቅ የሚያደርግ ጨዋታ የድሮውን ግፍ ይደግማል። ሐሜቱን ጭራቅ የሚያደርግ ጨዋታ ግን አዲስ ነገር ይናገራል፤ በየመንደሩ እየዞረ ሰው የሚበላው ወሬው ራሱ ቢሆንስ?

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው

ጦርነት ለአንዱ ፊልም ነው፤ ለሌላው የወንድሙ ሞት ነው። አብረውን የተቀመጡት ሰዎች ምን እንዳሳለፉ ሁልጊዜ አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ የሚታተሙ ብዙ የሰቀቀን ጨዋታዎች ከመጀመራቸው በፊት ተጫዋቾቹ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ይመክራሉ። ፈጽሞ የማይነሳው ምንድን ነው? ቢነሳም በዝርዝር ሳይገለጽ መታለፍ ያለበትስ? የመጀመሪያው ድንበር ነው፤ ሁለተኛው መጋረጃ ነው። ጆን ስታቭሮፖሎስ የተባለ ነዳፊ ያስተዋወቀው ሌላ ቀላል መሣሪያም አለ፦ ጠረጴዛው መሐል የኤክስ ምልክት ያለበት ካርድ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ሲነካው የተነሳው ነገር ከጨዋታው ይወጣል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

አንዳንዱ «ይህማ ሰቀቀኑን ያጠፋዋል» ይላል። ያጠነክረዋል እንጂ አያጠፋውም። መውጫው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ወደ ጨለማው ይበልጥ ይገባል።

መፈተን

ገበያ ላይ ትክክለኛ ዋጋ የሚታወቀው ገዢው ሲያመነታ ነው። ሳያንገራግር ከከፈለ ርካሽ ነበር፤ ጥሎ ከሄደ ውድ ነበር። የጨዋታ ሕግም እንዲሁ ነው። በሙከራው ምሽት ነዳፊው ዳይሱን ትቶ ፊት ይይ። ተጫዋቹ ሳጥን ለማጥቆር እርሳሱን አንሥቶ ያመነታል? እንግዲያው ዋጋው ልክ ነው። በየውርወራው ሳያስብ የሚያጠቁር ከሆነ ሳጥኖቹ ይቀነሱ፤ ወይም ማንጻቱ ይክበድ። ማንም የማያጠቁር ከሆነ ደግሞ ጥቅሙ ይጨመር፤ አለዚያ ጭጋጉ ይበርታ።

ከጥቂት ሙከራ በኋላ ከባዱ ፈተና ይመጣል። ጽሑፉን ለማያውቁት ሰዎች ሰጥቶ ከክፍሉ መውጣት ወይም ጥግ ይዞ ዝም ማለት ነው። ነዳፊው ባለበት ጨዋታው ሁልጊዜ ይሠራል፤ የጎደለውን በአፉ ይሞላዋልና። እሱ በሌለበት ተጫዋቾቹ የቆሙበት ገጽ ግን እንደገና መጻፍ ያለበት ገጽ ነው። ተጫዋቾች «ይህን ሕግ ለውጠው» ሲሉ ምክራቸውን እንዳለ ከመቀበል ይልቅ የት ላይ እንደሰለቻቸው መጠየቅ ይሻላል። በሽተኛ ሕመሙን በትክክል ይናገራል፤ መድኃኒቱን ማዘዝ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በ2023 መጀመሪያ የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» መሠረታዊ ሕጎች ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም እንዲጠቀምባቸው ተለቅቀዋል፤ «ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ» የተባለው ጨዋታ ሕጎችም እንዲሁ ክፍት ናቸው። ከባዶ ለመጀመር የማይፈልግ ሰው በእነዚህ ላይ መሥራት ይችላል። ከባዶ የሚጀምር ደግሞ ቤት ካለው ሉዶ ሁለት ዳይስ፣ ከደብተር አንድ ቅጠል፣ ከሰፈር ሦስት ሰው ይበቃዋል።

የሜካዎቹን ሥዕል፣ የነገሥታቱን ስም፣ የጭራቁን ጥርስ ለኋላ አቆየው እንጂ አትጣለው። የቅጠሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ግን አንዲት ጥያቄ ጻፍ፦ ነጂው ለዚህ ኃይል ምን ይከፍላል? መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልመጣ፣ ጨዋታው ገና አልተጀመረም።